2477ን አክብር

አባት 2477 ነው። እናትም ያው 2477 ናት፤ አንዲት ተጨማሪ ፊደል ትለጠፍባታለች እንጂ ሌላ ልዩነት የላትም። ይህን የምለው አእምሮዬ ተነክቶ አይደለም። ኬቭ ቤክ የሚባል፣ ኢፕስዊች በምትባል ከተማ ልጆች ያስተምር የነበረ እንግሊዛዊ በ1657 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ሰውዬው ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ቃላት ሰብስቦ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር አደላቸው። እንግሊዛዊው ቁጥሩን አይቶ በእንግሊዝኛ ያነበዋል፣ ፈረንሳዊው ያንኑ አይቶ በፈረንሳይኛ፤ አስተርጓሚ የሚባል ሰው ከእንግዲህ እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው። ዘዴው እንደሚሠራ ሊያሳይ የመረጠው ደግሞ ከዐሥርቱ ትእዛዛት መካከል ስለ ወላጆች የተነገረውን ነው። ማክበር 2314፣ አባት 2477። አለቀ።

የእኔ አባት ይህን ሰምተው ቢሆን ከዘራቸውን ያነሡ ነበር። "ጋሼ" ሳይባሉ ውሃ የማይቀርብላቸው፣ ስማቸውን በባዶው መጥራት ነውር የሆነበት ቤት ነው ያደግሁት። እኚያን ሰውዬ በመቃብር መዝገብ እንኳ በቁጥር የጻፋቸው የለም።

በነገራችን ላይ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዓለምን በአንድ ጽሕፈት ላስማማ ብለው የተነሡት ሰዎች ዘንድሮ ስንት ዓመት እንደሆነ እንኳ ከእኛ ጋር አልተስማሙም፤ እንግዲህ ሽማግሌው ይሸነፍ።

ዕድሜዬን የበላሁት በጽሕፈት ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቼ፣ ካርቦን ደርቤ የሰው በደል ስጽፍ ኖርኩ። ባለጉዳዩ መጥቶ "ወንድሜ በሬዬን ወሰደብኝ" ይላል። ይህ ብቻውን ማመልከቻ አይሆንም። ወንድምየው ታላቅ ነው ታናሽ? በሬው ሲነዳ አመልካቹ ለቅሶ ላይ ነበር ወይስ ገበያ? ዳኛው ክቡር ናቸው፣ እርስዎ ናቸው፤ ወንድምየው በአመልካቹ አፍ "ያ ሰውዬ" ነው፣ በእኔ እስክሪብቶ ግን ተጠሪ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከነወዙ ወረቀት ላይ ላወርድ ነው ሰው ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለኝ። ስለዚህ አንድ ፈልሳፊ ተነሥቶ "ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ለዓለሙ ሁሉ የሚሆን ጽሕፈት ሠራሁ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ አንቱታው የት ተቀመጠ? ካየኋቸው ውስጥ አንዱም ቦታ አላበጀለትም።

በሽታው የጀመረው ከቻይና በመጣ ወሬ ነው። ወደ ሩቅ ምሥራቅ የዘመቱት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን፣ እዚያ ያሉ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ንግግር ሳይሰማ ያንኑ ጽሕፈት አይቶ ይግባባል ብለው ጻፉ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን በ1605 ነገሩን በመጽሐፉ አነሣው። ከዚያ ወዲያ አውሮፓ ውስጥ ቀለም የነከረ ሁሉ የራሱን ሊሠራ ተነሣ፦ ሎድዊክ በ1647፣ የእኛ የ2477ቱ ሰውዬ በ1657፣ ዳልጋርኖ በ1661፣ ሮም ላይ ኪርከር በ1663። በዓለም ላይ አንድ ጽሕፈት እንዲኖር ተነሥተው በሃያ ዓመት ውስጥ የራሳቸው ጽሕፈት ብቻ አራት ሆነ። የቻይና ልጆች ያንን ፊደል እስኪለምዱ ስንት ዓመት እንደሚያለቅሱም የጠየቀ አልነበረም።

የባሰው ጆን ዊልኪንስ ነው። የባሰው ጎበዝ ስለነበረ ነው፤ ሞኝማ ሲጀምር ይደክመዋል። ዊልኪንስ የለንደኑን የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው። ያለ ንጉሥ እንግሊዝን የገዛውን የክሮምዌልን እህት አግብቶ፣ ያ አገዛዝ ሲወድቅ አብሮ ሳይወድቅ፣ ጭራሽ በንጉሡ ዘመን ጳጳስ የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ የሰው ዐመል አዋቂ በቀጥታ ወደ ሕዝብ መሐል ወጥቶ ቢሠራ ምን ነበረበት? እሱ ግን ቃል መቁጠሩን ንቆ ዓለምን ራሷን ልመድባት አለ። ፍጥረቱን ሁሉ በ40 ታላላቅ ክፍሎች ደለደለው፤ ክፍሉን ደግሞ ወደ ንዑስ፣ ንዑሱን ወደ ዝርዝር አወረደው። እያንዳንዱ ደረጃ ምልክትና ፊደል አለው። "ዴ" ካልን ከአራቱ ባሕርያት ወገን ነው፤ "ዴብ" ካልን እሳት፤ "ዴባ" ካልን ነበልባል። ስሙን ያየ ሰው የነገሩን ዘር ማንዘር ያውቃል ነው ነገሩ።

እንስሳቱን እየዘረዘረ ሳለ የኖኅ መርከብ ትዝ አለው። ይህ ሁሉ አውሬ እንዴት ተብሎ በአንድ መርከብ ገባ የሚሉ ተጠራጣሪዎች ነበሩ። ዊልኪንስ መርከቡን በክንድ ለካ፣ ወለል ከወለል ሸነሸነ፣ ጋጣ መደበ፣ ድርቆሽ ከመረ። ሥጋ በሎቹስ? እነሱንም አስቦላቸዋል፤ በቀን 5 በግ፣ ለዓመቱ 1,825 በግ። ስለ ጽሕፈት ላንብብ ብሎ መጽሐፉን የገዛ ሰው የበግ ሒሳብ ተረክቦ ወደ ቤቱ ገባ። እውነቱን ለመናገር ከመጽሐፉ ሁሉ የወደድኩለት ይህንን ነው። በግ ይቆጠራል። ቅሬታን ግን በየትኛው ጋጣ ታስገባዋለህ?

በ1666 ለንደን ስትነድ ከማተሚያ ቤት የወጣው የመጽሐፉ ክፍል አብዛኛው አብሮ ነደደ። የእኛ ሰው ቢሆን "ይህስ ያለ ነገር አይደለም" ብሎ ይተወው ነበር። ዊልኪንስ እንደገና ተቀምጦ ጽፎ በ1668 አወጣው። ዴባ መጽሐፉን አንዴ ከበላው በኋላ ማለት ነው።

ጉዱ የሚመጣው ሲጻፍበት ነው። ጎረቤታሞቹ ነገሮች በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ እጅ ትንሽ ከሳተ ነገር ይገለበጣል። ራሱ ፈልሳፊው በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ቱሊፕ አበባን እጽፋለሁ ብሎ ገብስ ጽፎ ተገኘ፤ ይህን ያጋለጠው ጣሊያናዊው ጸሐፊ ኡምቤርቶ ኤኮ ነው። ለእጮኛው አበባ ላክሁ ብሎ ገብስ ያስጫነ ጎረምሳ ይታያችሁ! እኛ ዘንድ እንኳ ብዙ ቅሬታ የለውም፣ በሶም ጠላም ይወጣዋል።

ለመሆኑ የጻፈበት ሰው አለ? አለ። ሮበርት ሁክ የሚባለው ሊቅ በ1676 በወጣ ጽሑፉ ስለ ሰዓት አሠራር ያገኘውን ነገር በዊልኪንስ ምልክት ጻፈው። ሰዓት ላይ ከሌሎች ጋር ሽሚያ ውስጥ ነበር። ዓለም ሁሉ እንዲያነበው በተሠራ ጽሕፈት ማንም የማያነበውን ነገር ጻፈ። ጥበብ ይሉሃል ይህ ነው!

ጀርመናዊው ሌብኒዝ ደግሞ የዊልኪንስን አንብቦ አነሰኝ አለ። እሱ የተመኘው ሐሳብን እንደ ቁጥር የሚደምርና የሚያባዛ ጽሕፈት ነው። ሁለት ሊቃውንት ሲጣሉ መጨቃጨቁ ቀርቶ ብዕር ይዘው ቁጭ ይላሉ፣ "እናስላ" ይባባላሉ፣ ሒሳቡ ይፈርዳል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ከጥላዬ ሥር ጥቂት ቢያርፍ ይህ አይወጣውም ነበር። በድንበር የተካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞች ሒሳቡ ጠፍቷቸው መሰለው? ስንት ክንድ እንደተገፋ ከቀያሹ አብልጠው ያውቁታል። አንደኛው የሚከሰው ድሮ የልጁ ሠርግ ላይ ሳይጠራው ስለቀረ ነው። ክሱ ላይ ይህን አያስጽፍም፤ ዳኛውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ተከሳሹም ያውቃል። ያልተጻፈውን የሚደምር ሒሳብ ሌብኒዝ ሲፈልግ ሲፈልግ ሳይጨርሰው ሞተ።

የሚገርመኝ ይኸው ሌብኒዝ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ሉዶልፍ የሰውን ቋንቋ በደህናው መንገድ የተማረ ሰው ነው። በ1649 ሮም ወርዶ፣ ቫቲካን ጓሮ ባለው የሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። ግዕዙን ከመጽሐፍ ለቅሞ ነበርና በዚያው እየተንተባተበ ተጠጋቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጀርመን ጎታ ድረስ ሄዱለት፣ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቃሉን ከነትርጉሙ፣ አገሩን ከነወንዙ አስያዙት። አንቱንና አንተን ሳይለይ እንዳልለቀቁት መቼም አልጠራጠርም። በ1698 ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ባሕር በላቸው። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ይገባው ዘንድ ይህ ሁሉ ድካም ሆነ። እነ ቤክ በዚያው ዘመን ጠረጴዛቸው ላይ ቁጥር እያደሉ ነበር።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ፣ ሆዴን የሚያባባው እዚህ ነውና። ካርል ብሊትስ የሚባል ሰው በ1897 ቸርኖቪትስ ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ናት፤ ያኔ የኦስትሪያና ሀንጋሪ ግዛት ነበረች። ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት፣ ጎረቤት በቋንቋው የሚጣላባት አገር ነበረችና ልጁ ጠቡን ሁሉ ቋንቋ ያመጣው አድርጎ ያዘ። ቪየና ኬሚካል ምሕንድስና ተማረ። በ1938 ናዚዎች አይሁዳዊ ነህ ብለው ዳካው፣ ከዚያ ቡከንቫልድ አጎሩት። ጀርመናዊት ካቶሊክ ሚስቱ ክሌር ደጅ ጠንታ፣ ለምና አስፈታችው። እንግሊዝ ገባ። ያኔ ደግሞ የጀርመን ቦምብ እንግሊዝን ሲደበድብ የድብደባው ስም ከስሙ ጋር ገጠመ፤ ስለዚህ ቻርልስ ብሊስ ተባለ። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ ሻንጋይ ተገናኙ።

ሻንጋይ ላይ ያ የድሮው በሽታ ያዘው። የሱቅ ማስታወቂያና የጋዜጣ ርእስ በቻይንኛ ማንበብ ለመደ፤ አንድ ቀን ልብ ሲለው የሚያነበው በቻይንኛ ሳይሆን በራሱ ቋንቋ ነው። በቃ! ከጦርነቱ በኋላ ሲድኒ ገብተው የራሱን ምልክቶች ሠራ፣ በ1949 መጽሐፉን አወጣ። ልብ ካየህ ስሜት ነው። ውሃ ከነወደታች ቀስቱ ዝናብ ነው። ሰው ማለት ቀጥ ያለች መስመር ከሥሯ አጭር አግድም ናት። እኔ ለማለት ሰውዬው አጠገብ 1 ይጻፋል፣ አንተ ለማለት 2፣ እሱ ለማለት 3።

አያችሁት? ሲያናግሩኝ እኔ ሽበቴን ይዤ 2 ነኝ። የልጄ ልጅም 2 ናት። ዳኛውም 2፣ በሬ ነጂውም 2። ቤክ ቢያንስ ለአባቴ አራት አሃዝ ሰጥቷቸው ነበር።

ክሌር ለዩኒቨርሲቲውና ለምሁሩ ሁሉ በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤ መጻፍን የማውቅ ሰው ነኝና ይህቺን ሴት ከልቤ አከብራታለሁ። መልስ የለም። በ1961 ሞተች፣ መልስ የለም። ከዚያ በ1971 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ፣ አእምሯቸው ደህና ሆኖ አንደበታቸው ያልታዘዘላቸው አካል ጉዳተኛ ልጆች በሚማሩበት ማእከል፣ ሸርሊ ማክኖተን የምትባል አስተማሪና ባልደረቦቿ መጽሐፉን አገኙት። ልጆቹ ምልክቶቹ በተደረደሩበት ሰሌዳ ላይ እያመለከቱ ማውራት ጀመሩ። ከተወለዱ ጀምሮ ውሃ ጠማኝ ማለት ያቃታቸው ልጆች! ብሊስ ሲሰማ በረረ፣ አየ፣ በደስታ አበደ።

ቀጥሎ ተጣላ። አስተማሪዎቹ ምልክቶቹን ለእንግሊዝኛ ንባብ መሸጋገሪያ ሊያደርጉት፣ የጎደለውንም ሊሞሉለት ፈለጉ፤ ይህ ለብሊስ የባቢሎን ግንብ ተመልሶ መቆም ነበር። ምልክቴን አበላሻችሁ፣ ትርጉሜን አጣመማችሁ ብሎ ደብዳቤ አዘነበባቸው። ከጠበቃ ደረሱ። መጨረሻው ስምምነት ሆኖ እነሱ የመጠቀም ፈቃዱን ሲያገኙ እሱ 160 ሺህ የካናዳ ዶላር ተቀበለ። ሰዎች አለመግባባት እንዲቀርላቸው የተሠራ ጽሕፈት፣ የገባቸውን ብቸኛ ሰዎች ከፈጣሪው ጋር አካሰሰ። ያን ክስ ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ በብሊስ ምልክት ግን እንዳልተጻፈ እምላለሁ። ብሊስ በ1985 አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። ምልክቶቹ ዛሬም መናገር ላቃታቸው ሰዎች ይሠራሉ፣ እዚህ ላይ አፌን እዘጋለሁ።

ጃፓናዊው ዩኪዮ ኦታም በ1964 የራሱን አመጣ፤ ስሙን "የፍቅረኞች መግባቢያ" አለው። ከሁለት አገር የመጡ ፍቅረኛሞች በምልክት ልባቸውን እንዲገልጡ ነው። ፍቅረኛሞቹ አልተጠቀሙበትም። ዛሬ በየሕንፃው ኮሪደር አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ወደ በር የሚሮጠው ሰውዬ ግን የኦታ እጅ ያለበት ነው። ለፍቅር ተነሥቶ ለሽሽት ዋለ። እሳት ሲነሣ ያንን አይቶ የማይገባው ሰው የለም፣ ይህን አልክድም፤ እሳት ሲነሣ ግን ያለ ሰሌዳውም ሰው ይሮጣል።

የመጸዳጃ ቤት በር ላይ ያሉትን ሁለት ሰዎችማ አታንሡብኝ። ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ ስሄድ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ አንድ ሰፊ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሁለቱ በሮች ፊት ቆምኩ። አንደኛው ባለ ሱሪ ነው፤ ሌላው ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ሰፋ ብሎ ይወርዳል። መስተዋቱን አየሁ፣ ራሴን አየሁ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ በየትኛው እንደሚገባ ዓለም አቀፉ ጽሕፈት መልስ የለውም።

ለሁሉም አገር የሆነ ጽሕፈት ፈልጋችሁ ከሆነ 1፣ 2፣ 3 አለላችሁ። ያንኑ አይቶ ሁሉም በየቋንቋው ይጠራዋል። ስለ ዋጋና ስለ አውቶቡስ ቁጥር ይበቃል፣ ማንም ግን አላለቀሰበትም። ይህንን ማንም ፈልሳፊ "ዓለምን ላስታርቅበት" ብሎ አላመጣውም፤ ነጋዴም ሲሸጥና ሲለውጥ ያዳረሰው ነው።

አሁን ደግሞ ኢሞጂ። በ1999 ጃፓን ውስጥ ሺገታካ ኩሪታ የሚባል ወጣት ለአንድ የስልክ ኩባንያ 176 ሥዕሎች ሠራ፤ እያንዳንዱ በወርድ 12 ነጥብ፣ በቁመት 12 ነጥብ። በዚያው ዓመት የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ገባ። ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ያለው ፊደል ከዚያ የሥዕል ጨዋታ ጋር በአንድ ዓመት የልደት ወረቀት አወጣ! በ2010 ኢሞጂውም እዚያው መዝገብ ውስጥ ገባና አንድ ጣሪያ ሥር ተቀመጥን። ይኸው ነው፣ ዊልኪንስ ያለመው ደረሰ ይሉኛል። እስቲ የሚደርሰውን እዩ። ከአፍንጫው አረፋ የወጣ ቢጫ ፊት አለ፤ በጃፓን የሥዕል ልብ ወለድ እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንደዚያ ይሣላል። ሌላው ዓለም ያየው እንባ ነው። ቱሊፕ የሚመስል የጃፓን መዋዕለ ሕፃናት የስም ባጅ አለ፤ ምዕራቡ ሰው እሳት ላይ ያለ ነገር መስሎት ይልከዋል። ደግሞ ቱሊፕ! ይህቺ አበባ ምን በደልናት?

የልጄ ልጅ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው፣ በበዓል ቀን ቂጣ ላከችልኝ። በስልክ። "አባባ፣ እንጀራ ነው" አለችኝ በድምፅ። ዓይን የሌለው፣ ቡናማ ነቁጥ ያለበት ቂጣ፤ በ2020 ከእሱ ጋር ጎጆም የሻይ ማንቆርቆሪያም ገብተዋል። ጀበና የለም። ቡናን ለዓለም የሰጠ አገር ሰው ቡና አፈላሁ ለማለት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይልካል። ይህን ሳይማ የድሮ እጄ በላኝ፣ ማመልከቻ ልጽፍ ተነሣሁ።

አሠራሩን አጣራሁ። ማንም ሰው ማመልከት ይችላል። ሥዕሉን ማቅረብ አለብህ፤ ሰው በብዛት እንደሚፈልገው በኢንተርኔት ፍለጋ ብዛት ማስረዳት አለብህ፤ ያለው ሥዕል የሚበቃ ከሆነ አይቀበሉም። የሻይ ማንቆርቆሪያውን አሳይተው ሊመልሱኝ እንዳሰቡ ገብቶኛል፣ ለዚያም መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ የጀበና አንገት፣ የጀበና ክዳን፣ ከሥሩ ማስቀመጫው። አራት ገጽ ሞላሁ። "ለክቡራን የመዝገቡ ኃላፊዎች" ብዬ ጀመርኩ፣ "በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ" ብዬ ጨረስኩ፣ ፈረምኩ። ታዲያ መመሪያውም ቅጹም በእንግሊዝኛ ነው። በየትኛውም ቋንቋ ያለ ሰው የሚረዳውን ምልክት ለመጠየቅ እንግሊዝኛ ማወቅ ያስፈልጋል።

አራቱንም ገጽ ፎቶ አንሥቼ፣ "እናቴ፣ እባክሽ ይህን ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ አስገቢልኝ፣ ቀኑ እንዳያልፍብን" ብዬ ለልጄ ልጅ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች። የምትሮጥ ሴት ናት የላከችው። እየፈጠንኩልህ ነው ማለቷ ይሁን እየሸሸሁህ ነው ማለቷ፣ ስልኩን ባርቀው ባቀርበው አልለይ አለኝ። እናቷ ዘንድ ደወልኩ። እናቷም አታውቅም።